ያልተሰገደበት ልጅ

የሃሊና መልእክት የደረሰው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ላቀው ደባርቅ ገበያ ዳር ካለችው የሞባይል መጠገኛው ተቀምጦ፣ ከቡይት ራስ ድንች ጭኖ የወረደ የአንድ ገበሬ ስልክ ፈታትቶ፣ ብሎኖቹን በጠርሙስ ክዳን ላይ ደርድሯቸው ነበር። መልእክቱን አንብቦ ሲጨርስ የትኛው ብሎን የየትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ጠፋው። ገበሬውን «ከሰዓት ተመለስ» ብሎ ሸኘውና በሩን ገርበብ አደረገ።

ሃሊና ፖላንድ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ጫካ ጥግ ባለች መንደር የምትኖር ጡረተኛ መምህርት ናት። በአገሯ ቋንቋ ትጽፋለች፣ ስልኩ ወደ አማርኛ ይመልስለታል። ስልክ የሚመልሰው አማርኛ አንዳንዴ ወንዱን ሴት፣ አንዱን ብዙ እያደረገ ያስቃል። የዛሬው ግን ቅንጣት አልተዛነፈም፦

«ውድ ላቀው። የጓደኛህ መቃብር ላይ ያለው የእንጨት መስቀል በስብሷል። የመንደሩ ሰዎች ተባብረን በድንጋይ ልንተካው ነው። ጠራቢው ከሙታን ቀን በፊት መጨረስ ይፈልጋል። ከመስቀሉ ሥር ምን ቢጻፍ እናቱ ደስ እንደሚላት ጠይቅልኝ። የፈለገችውን እንጽፋለን።»

የሙታን ቀን የሚሉት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በዚያ ቀን የፖላንድ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ የዘመዶቹን መቃብር ይጠርጋል፣ በብርጭቆ ውስጥ መብራት ያበራል፤ ዘመድ የሌለውን መቃብር እንኳ አንዱ አያልፈውም። ሃሊናም ላለፉት ሁለት ዓመታት መብራት የበራበትን መቃብር ፎቶ አንስታ ልካለታለች። ደግ ሰው ጭንቅ ይዞ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ የሚቆጡበት አይገኝም።

የሟቹ እናት እማማ ዙሀራ ከመስቀሉ ሥር ምን እንዲጻፍ ይፈልጋሉ ተብሎ አይጠየቁም። ልጃቸው ከመስቀል ሥር መተኛቱን አያውቁማ። የደበቃቸው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሱ ላቀው ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሸሀቡ ለዳባቷ እማማ ዙሀራ አንድ ልጃቸው ነበር። እማማ ዙሀራ ዳባት ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ፤ ባላቸው የሞቱት ሸሀቡ ገና ዳዴ ሲል ነው። ላቀው ዳባት አክስቱ ዘንድ ተቀምጦ ሲማር ከሸሀቡ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ የለያቸው አልነበረም። በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ተዋውሶና ተጋግዞ ይኖራል፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ይለያያል፤ የአንዱን እርድ ሌላው አይበላም። እማማ ዙሀራ ለላቀው ሽሮ አቅርበው ቢያልፉት ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን ለዒድ ዶሮ ለብቻ ይገዙና ክርስቲያኑን ጎረቤታቸውን ደርቤን ጠርተው ያሳርዱለታል። ወጡ የሚሠራባት ድስት ለብቻዋ ናት፣ ጭልፋዋም ለብቻዋ። አንድ ቀን ሸሀቡ ጭልፋውን ሲያቀላቅል ያዙትና ጆሮውን ጠምዝዘው፣ «የሰው ሃይማኖት መጫወቻ ነው እንዴ!» ብለው ሙሉ ድስት ወጥ ደፉ። ላቀው በዚያ ቤት አሥር ዓመት ሲበላ አንዲት ጉርሻ እንኳ ተጠራጥሮ አያውቅም። አሁን ይህን ሲያስብ ፊቱን የሚያኖርበት ያጣል።

ከሦስት ዓመት በፊት ሁለቱ ተያይዘው ወጡ። ላቀው ለቱሪስት ምግብ አብሳይ ነበር፤ ቱሪስት ጠፍቶ፣ ተራራው ላይ ሳንቃ በር ድረስ ዕቃ የሚያወጡት በቅሎዎች ሁሉ መስክ ላይ ሲውሉ እሱም አብሯቸው መዋል ሰለቸው። በተማሪ ቪዛ ሞስኮ፣ ከሞስኮ ቤላሩስ፣ ከዚያ አጥር ተሻግረው የፖላንድን ጫካ ገቡ። አሻጋሪው ስለ ብርዱ ሲያስፈራራቸው ሳቁበት። «እኛ የሰሜን ተራራ ልጆች ነን፤ ብርድ ጡት ያጠባን!» አሉት። የደጋ ሰው ጉራ ነው። የራስ ዳሸን ብርድ ደረቅ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። ያኛው ብርድ እርጥብ ነው፣ ፀሐይም አታስለቅቀውም። ጫካውም እነሱ የሚያውቁት አገር አይደለም፤ ገደል የለው፣ አቅጣጫ የሚነግር ከፍታ የለው፤ ዛፍና ረግረግ፣ ደግሞ ዛፍ። ሸሀቡ ረግረግ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ወጣ። በአምስተኛው ቀን እግሩ እምቢ አለው።

ላቀው ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰበ። ፖላንድ የክርስቲያን አገር ነው፤ በየመንገዱ መገንጠያ መስቀል ቆሞ አይቷል። ጥቁር እንግዳ ዛፍ ሥር ወድቆ ቢያዩ ፈርተው ያልፉት ይሆናል፣ መስቀል ያሰረ ልጅ ቢያዩ ግን ይራራሉ። ስለዚህ ከክርስትናው ዕለት ጀምሮ ከአንገቱ ተለይቶ የማያውቀውን ማተቡን ከነእንጨት መስቀሉ ፈታና ሸሀቡ አንገት ላይ አሰረው። ከጥርጊያው መንገድ ዳር አስቀምጦት እርዳታ ፍለጋ ሄደ። ክፋት አልነበረውም፤ የራሱን ትልቅ ነገር ነው የሰጠው። ግን የሚሰጡት ሰው ሳይፈልግ የሚሰጡት ነገር ምን ይባላል?

ያገኘው የመጀመሪያ ቤት የሃሊና ነበር። በቀን ብርሃን በሩን ደበደበ። መጋረጃው ነቅነቅ አለ፣ በሩ ግን አልተከፈተም። ወደሚቀጥለው ቤት ሲሮጥ ወታደሮች ያዙት፤ በእጁ ወደ ጫካው እያመለከተ ለመናቸው፣ እስኪግባቡ ድረስ ብዙ ሰዓት ሄደ። ሸሀቡን ሲደርሱበት አልቆ ነበር። ስሙን የሚናገር ወረቀት ኪሱ ውስጥ አልነበረም፤ አንገቱ ላይ መስቀል ነበር። የመንደሩ ቄስ እንደ ወጉ ጸልየው በቤተ ክርስቲያናቸው መቃብር ቀበሩት።

ላቀው ይህን የሰማው ስደተኞች ተቆልፎባቸው በሚቆዩበት ጣቢያ ሆኖ ነው። ሃሊና አስተርጓሚ ይዛ፣ የመቃብሩን ፎቶ ይዛ መጣች። ከመቀመጧ በፊት፣ «ያን ቀን ከመጋረጃው ኋላ የቆምኩት እኔ ነኝ» አለችው።

ከዚያ የአያቷን ነገር ነገረችው። በጦርነቱ ዘመን ጀርመኖች አገሩን ይዘው ሳለ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ከዚያው ጫካ ወጥታ የአያቷን በር አንኳኳች። የተደበቀ አይሁድ ያስጠጋ ቤተሰቡ በሙሉ ይገደል ነበር። አያቷ የልጆቿን አፍ በእጇ አፍና ዝም ብላ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ሄደች፤ የት እንደደረሰች ያወቀ የለም። የሃሊና እናት ያኔ አፋቸው ከታፈነው ልጆች አንዷ ነበረች፤ ይህን የተናገረችው ልትሞት ስትል ነው።

«በአያቴ ስፈርድ ነው የኖርኩት» አለች ሃሊና። «አያቴ የፈራችው ሞትን ነው። እኔ የፈራሁት የጎረቤት ወሬና የፖሊስ ጥያቄ ነው።» ካለቀሰች በኋላ ፎቶውን ወደ ላቀው ገፋችለት። «ቢያንስ በሃይማኖቱ ቀበርነው። የአንገቱንም መስቀል አልነካንበትም።»

እውነቱን መናገሪያው ያች ሰዓት ነበረች። አስተርጓሚው አጠገቡ ነው፣ መቃብሩ ትኩስ ነው፣ ሴትዮዋ ልቧን ከፍታ ተቀምጣለች። ላቀው ግን ጓደኛውን ትቶ የሄደ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ ሃይማኖቱን ቀይሮ አስቀበረው ሊባል! «አመሰግናለሁ» አላት። ስሙን ብቻ ነገራት፣ እሷም መስቀሉ ላይ ጻፈችው።

መርዶ ለእናት በቀጥታ አይነገርም። ላቀው የደወለው ለዳባቱ ኢማም ለሼህ ሙሰዓብ ነው። ሼሁ «ኢንና ሊላሂ» አሉና፣ «ማን አጠበው? ማን ሰገደበት?» ሲሉ ጠየቁት። ላቀው በዚያ አገር ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩ ታታር የሚባሉ ሙስሊሞች እንዳሉ በጣቢያው ሰምቶ ነበር። «ታታሮች» አላቸው። «አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደው ቀበሩት።» ሼሁ ሬሳው በሌለበት የሚሰገደውን ሶላት ሊያሰግዱ አስበው ኖሯል። ይህን ሲሰሙ፣ «ወንድሞቻችን ከሰገዱበት ግዴታው ወርዷል፤ እኛ ዱዓ እናድርግለት» ብለው ተዉት።

ከስምንት ወር በኋላ ላቀው ወደ አገሩ ተመለሰ። እማማ ዙሀራ ደግመው ደጋግመው ጠየቁት። ከፈኑ ነጭ ነበር? ስንት ሰው ቆመ? ላቀውም መለሰ፤ አዎ ነጭ፣ ሁለት ረድፍ ሙሉ፣ በረዶውም በዚያ ቀን አቁሞ ነበር። ውሸቱን አልብሶ፣ አጉርሶ፣ አሳደገው። እማማ ዙሀራ እያንዳንዷን ቃል ይዘው ለመጣ ለሄደው ይናገራሉ፤ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ልጄ እንግዳ ሆኖ አልተቀበረም» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ለነፍስ አባቱ ለአባ ተክለ ማርያም ተናዝዟል። አባም፣ «ማተብህን ስለ ፈታህ ቀኖና እሰጥሃለሁ። ሰው የበደልክበትን ግን ስግደት አይከፍለውም፤ ሄደህ ለሴትዮዋ ንገር» አሉት። ስግደቱን ፈጸመ። መንገሩን አሳደረ። ለእሳቸውም ቢሆን ሁሉን አልተናገረም፤ አንዲት ቃል በሆዱ አስቀርቷል።

መልእክቱ በደረሰ በዚያ ቅዳሜ፣ መጀመሪያ የመጣለት ሌላ ውሸት ነበር። ለሃሊና «እናቱ ስሙ ብቻ ይበቃል ብላለች» ብሎ ይጽፋል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይኖራል። ጽፎትም ነበር፤ ለመላክ ግን እጁ አልሄደም። እስካሁን ያጽናናው እንጨቱ ነበር። እንጨት ይበሰብሳል፣ ይወድቃል፣ ነገሩም አብሮ ይረሳል እያለ ነው ሁለት ዓመት የከረመው። ድንጋይ አይበሰብስም። እሱ ሞቶ ልጆቹም ሞተው ሸሀቡ በዚያ መስቀል ሥር ይኖራል። ጽሑፉን አጠፋና ሱቁን ቆልፎ የዳባት መኪና ተሳፈረ።

እማማ ዙሀራ ከግቢያቸው ሰሌን ላይ ዛላ በርበሬ አስጥተው ይገለብጡ ነበር። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ላቀው! ምነው ልጄ፣ እንዲህ ይጠፋል? ቆይ ደርቤን ላስጠራው፣ ዶሮም አለች።»

«አይ እማማ፣ ይቅር። አይጥሩት።»

«ጾም ነው እንዴ?»

«ጾም አይደለም። ልነግርዎ የመጣሁት ነገር አለ። ከነገርኩዎ በኋላ የሚያበሉኝ አይመስለኝም።»

እማማ ዙሀራ በርበሬ የያዘ እጃቸውን ሳያወርዱ አዩት። ላቀው ቁጭ አላለም። ቁጭ ካለ እንደማይናገር ያውቃል።

«ሸሀቡን ታታሮች አልቀበሩትም።»

«እና ማን ቀበረው?»

«የመንደሩ ቄስ። በቤተ ክርስቲያን መቃብር። መስቀል ቆሞበታል።»

«ሙስሊም መሆኑን አላወቁም?»

«አላወቁም። አንገቱ ላይ ማተብ አገኙ። የእኔን ማተብ። ያሰርኩለት እኔ ነኝ እማማ። ክርስቲያን ከመሰላቸው ይራሩለታል ብዬ ነው። የሰገደበት የለም። ነጭ ከፈን፣ ሁለት ረድፍ ሰው ያልኩዎ ሁሉ ውሸት ነው።»

እማማ ዙሀራ በርበሬውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። አልጮኹም፣ ደረታቸውን አልመቱም። ላቀው ቢመቱት ይመርጥ ነበር።

«ስታስርለት ነፍሱ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ያውቅህ ነበር?»

«ያውቀኝ ነበር።»

«ምን አለ?»

ለአባ ተክለ ማርያም ያልተነገረችው ቃል ይህች ነበረች። ሽሽት የለም።

«"አውልቅልኝ" አለኝ።»

«እና?»

«"ዝም በል፣ ያድንሃል" አልኩት። ደግሞ "አውልቅልኝ" አለ። እጁን ወደ አንገቱ ሊያነሣ ሞከረ፣ ጣቶቹ አልታዘዙትም። እንደዚያው ትቼው ሄድኩ።»

ከጎረቤት ራዲዮ ይሰማል። እማማ ዙሀራ ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ዱዓ ይሁን እርግማን ላቀው አልለየውም። ከዚያ ያልጠበቀውን ነገር ተናገሩ። «ሦስት ዓመት ሙሉ» አሉ፣ «ሶላት የቀረበት ልጅ ነው ያለኝ።» ስለ መስቀሉ አላነሱም፣ ስለ ውሸቱም አላነሱም። ላቀው ያን ጊዜ ነው የገባው። ለማጽናናት ብሎ ያወራት ተረት የልጁን ሶላት በልታበታለች። ባይዋሽ ኖሮ ሼሁ ያኔውኑ ያሰግዱ ነበር።

እማማ ዙሀራ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ቅደም። ለሼህ ሙሰዓብ በገዛ አፍህ ትነግራቸዋለህ። እኔ አልናገርልህም።»

ገበያውን አቋርጠው ሲሄዱ ሰው ሁሉ ሰላም ይላቸዋል። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ፣ «እናትና ልጅ ወዴት ናችሁ?» አለች። እማማ ዙሀራ፣ «መስጊድ ድረስ» ብለው መለሱላት። ላቀው መሬት ብትከፈት ይገባ ነበር።

ሼህ ሙሰዓብ ሁሉን ሰሙ። እርጅና የተጫናቸው ሰው ናቸው፤ ላቀው ሲጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ብዙ ጊዜ ጠረጉት።

«የጠየቅኩህ እኮ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይቀር ብዬ ነበር» አሉት። «አንተ ልጅ፣ ሬሳ በስልክ አይታይ፣ ያልከኝን ነው የማምነው።» ወደ እማማ ዙሀራ ዞሩ። «ዙሀራ፣ አላህ ሸሀቡን ሰው አንገቱ ላይ ባሰረበት አይጠይቀውም። አጥንቱንም አናንገላታው፤ ምድሩ ሁሉ የአላህ ነው። ያን መስቀል ያንሱለት፣ ስሙንና የአባቱን ስም ይጻፉለት። ሶላቱን በዓርብ ጁሙዓ እንሰግዳለን።»

ላቀው እዚያው መስጊዱ ደጅ ተቀምጦ ለሃሊና ጻፈ። ማተቡንም፣ ውሸቱንም፣ በጣቢያው ዝም ያለበትንም ሁሉ። መልሷ የመጣው በማግሥቱ ነው።

«ከቄሱ ጋር ተነጋገርኩ። እንጨቱን በገዛ እጄ ነቀልኩት። ድንጋዩ ላይ መስቀል አይኖርም፤ ስሙን ከነአባቱ ላክልኝ። ለምን ያን ቀን አልነገርከኝም ብዬ ልጽፍልህ ነበር። በር ያልከፈተች ሴት ግን ይህን መጠየቅ አትችልም።»

ጁሙዓ ቀን ላቀው ከደባርቅ በጠዋት መጣ። ማንም አልጠራውም። ከመስጊዱ አጥር ውጪ፣ ሰዎቹ ጫማቸውን ካወለቁበት አጠገብ ቆመ። የጁሙዓው ሶላት ካለቀ በኋላ ሼህ ሙሰዓብ የሸሀቡን ስም ከነአባቱ ጠርተው ለምን እንደሚሰገድ ተናገሩ፤ የላቀውን ስም አላነሱም። ወንዶቹ ተሰለፉ። ከፊታቸው ሬሳ የለም። ሳያጎነብሱ፣ ግንባራቸውን መሬት ሳያስነኩ፣ እንደቆሙ አራት ጊዜ «አላሁ አክበር» አሉ፤ ወደ ቀኝ ሰላም አሉ፣ ወደ ግራ ሰላም አሉ፣ አለቀ።

ላቀው ገና ይቀጥላል ብሎ ጠበቀ። ሰው ጫማውን ሊፈልግ ሲመጣ ነው ማለቁን ያወቀው። አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ ያህል እንኳ አልቆየም። ሸሀቡን ሦስት ዓመት የከለከለው ይህችን ነበር፣ ይህችን ታህል። አጥሩን ተደግፎ አለቀሰ፤ ሰዎቹ ጫማቸውን እያነሱ ዞረውት አለፉ።

እማማ ዙሀራ በሴቶቹ በር ወጡ። ሼህ ሙሰዓብ በትራቸውን ተመርኩዘው በመካከላቸው ቆሙ።

«ዙሀራ» አሉ፣ «ልጁ አጥፍቷል። ያጠፋውን ግን ማንም ሳያስገድደው በእግሩ መጥቶ ተናግሯል። በዚህ በጁሙዓ ቀን አውፍ በይው፣ ይቅር በይው።»

እማማ ዙሀራ ላቀውን ትክ ብለው አዩት። ዐይናቸው ውስጥ ቁጣ ፈለገ፤ አላገኘም። ድካም ብቻ ነበር።

«የእኔን ትቼለታለሁ» አሉ። «የዋሸኝን፣ በውሸት ያስደሰተኝን፣ ሰው ፊት ያስወራኝን፣ ሁሉን አውፍ ብያለሁ። ወላሂ ቂም የለኝም።»

ላቀው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊይዝ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«"አውልቅልኝ" ያለህ ግን ሸሀቡ ነው። እሱ እኔን አልወከለኝም። የእሱን አውፍ እኔ ልሰጥህ አልችልም።»

ላቀው «እሺ እማማ» አለ። ከእሳቸው ወዲያ ሄዶ የሚለምነው ሰው አልነበረም።